ከቀዩ መስመር በታች

በየካቲት ዝናብ ጣለ። አገሩ ሁሉ ደስ ሲለው አንጀቷ ያረረው ሙሉብርሃን ብቻ ነበረች።

ሰዉ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ከጋምቤላ ከተማ በባሮ ዳር አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ባለችው በዚያች ቀበሌ የካቲት ማለት ቆርቆሮ የሚግልበት፣ ውሻ ምላሱን ጎልጉሎ ከተገለበጠ ጀልባ ሥር የሚውልበት፣ ሰው አልጋውን ተሸክሞ ደጅ የሚያድርበት ወር ነው። እንዲህ ባለ ወር ሰማዩ ጠቁሮ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወርደው ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ጨፈሩ፣ እናቶች ባልዲ ደረደሩ። ነጋዴው ሱሩር እንኳ ከሱቁ ወጥቶ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ "አልሐምዱሊላህ! ወላሂ ዘንድሮ እንኳ ፈጣሪ ተለመነን!" አለ።

ሲስተር ሙሉብርሃን ግን የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ቆማ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ኩሬ ታይ ነበር። ኩሬው ባለፈው ክረምት ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ ጥሎት የሄደው ውሃ ነው። በኅዳር መድረቅ ሲገባው እስከ ጥር ቆየ። ጭቃው ገና መሰንጠቅ ሲጀምር ይኸው ደግሞ እስከ አፉ ሞላ።

ደብረ ታቦር ተወልዳ፣ ነርስ ሆና፣ "ለሁለት ዓመት ብቻ ነው" ብላ ወደዚህ ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሚታዩበትን ክፍል የምትመራው እሷ ናት። በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። በየሳምንቱ ሰኞ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው በምርመራ ወባ እንደተገኘበት ትቆጥርና በሰማያዊ እስክሪብቶ አንዲት ነጥብ ታስቀምጣለች። ከሰማያዊው በላይ ደግሞ ቀይ መስመር አለ። ሰማያዊው ቀዩን ካለፈ "ወረርሽኝ" ይባላል፤ ያኔ ከከተማው መጋዘን የአስቸኳይ ጊዜ መድኃኒትና የመመርመሪያ ኪት ይለቀቃል፣ ኬሚካል የሚረጩ ሰዎች ይመጣሉ። ካላለፈ "የተለመደ" ነው። የተለመደ ነገር ደግሞ በሩብ ዓመት ኮታው ይብቃቃል።

ቀዩ መስመር የሚሠመረው ካለፉት አምስት ዓመታት ቁጥር ተሰልቶ ነው። ሙሉብርሃን ስትመጣ ለዚህ ሰሞን መስመሩ አሥራ ስምንት ላይ ነበር። አሁን ሰባ አንድ ደርሷል። ዝናቡ ከወሩ መውጣት ከጀመረ ጀምሮ ወባውም አብሮት ወጣ፤ በበጋ የታመሙት ልጆች ሁሉ ተቆጥረው ከአምስቱ ዓመት ሂሳብ ውስጥ ገቡና መስመሩን ሽቅብ ገፉት። ባለፉት ዓመታት የታመሙት ለዘንድሮዎቹ መድኃኒት ከለከሏቸው። ነገሩ ክፉ በሆነ ቁጥር ይበልጥ "የተለመደ" ይሆናል።

"ሲስተር፣ ዛሬም ለግድግዳው ትጸልያለሽ?" አላት ታንግ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በበሩ አንገቱን አስግጎ።

"አልጸልይም። እየተሳደብኩ ነው።"

"ተሳደቢ። ግድግዳ ጥሩ ነው፣ መልስ አይሰጥም። ከተማ ያሉት ግን መልስ ይሰጣሉ፣ እሱ ነው መጥፎ።"

ታንግ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ ኑዌር ነው፣ ቁመቱ ከበሩ መቃን የሚስተካከል፣ አማርኛውን እዚሁ ከሕመምተኛና ከሐኪም መሐል ቆሞ ሲያስተረጉም የተማረ። የአራት ዓመት ልጁ ኛይየን እናቷ አሣ ልትሸጥ ስትወርድ ከእሱ ጋር ትውላለች። ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ አሮጌ ካርዶችን እንደ ቤት እየካበች፣ አባቷ ሰው በጠራ ቁጥር ከሥር "ቀጣይ!" እያለች ትጮሃለች። ሕመምተኛው ሁሉ ይስቃል። ሙሉብርሃን ልጅ አልወለደችም። ብስኩት ከኪሷ ጠፍቶ አያውቅም፤ ለማን እንደምትይዘው ደግሞ የማያውቅ የለም።

የዚያን ሰኞ ነጥብ ሃምሳ ሰባት ላይ አስቀመጠች። ካለፈው ሳምንት በአሥራ ዘጠኝ ይበልጣል። ከዚያ ወደ ከተማ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ኤልናታን ነው፤ የወባ ሪፖርት የሚሰበስብ፣ ትሕትናው የማይጎድል ወጣት ባለሙያ።

"ሲስተር፣ እንደምን አደሩ? ሪፖርትዎን አይቼዋለሁ። ሃምሳ ሰባት። በጣም ጥሩ ነው።"

"ምኑ ነው ጥሩው?"

"ከመስመሩ በታች ነው ማለቴ ነው።"

"ኤልናታን፣ በበጋ እኮ ነው! እኔ እዚህ ስመጣ በዚህ ወር ወባ ይዞት የሚመጣ ልጅ በጣት ይቆጠር ነበር። ኪቴ ሊያልቅ ነው። ለጽኑ ሕመም የሚሰጠው መርፌ የቀረኝ አራት ብልቃጥ ነው።"

"ይገባኛል። ግን ኮምፒዩተሩ ነው የሚያነበው። ሰባ አንድን ካላለፈ ቀይ አያበራልኝም። ቀይ ካላበራ ደግሞ መጋዘኑ አይፈርምልኝም።"

"አንተስ ዓይን የለህም?"

በትሕትና ሳቀ። "ባለፈው ወር ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሥልጠና ወስደን ነበር። ልክ እርስዎ እንደሚሉት ነው፣ ወቅቱ ተዛብቷል። ሰንጠረዡ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይሻሻላል ተብሏል።"

"ወባዋም እስከ በጀት ዓመቱ ትታገሣለች?"

"እንግዲህ ሲስተር…"

"እንግዲህ" ከተባለ ነገሩ አብቅቷል ማለት እንደሆነ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አሳምራ ተምራለች። ስልኩን ዘጋችው።

ሌላም የሚያንገበግባት ነገር ነበረ፤ ስለዚያኛው የሚደወልለት ሰው አልነበረም።

በዚህ ቀበሌ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አጎበር ይወርዳል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ታጥፎ ሳጥን ይገባል፤ እንደገና የሚወጣው ዝናቡ ሊገባ ሲል በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ይህን ያስተማረችው እሷ ናት። በበጋ ሰው ደጅ ስለሚተኛ አጎበሩን እንጨት ይቀደዋል፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ይገድለዋል፤ አዲስ የሚታደለው ደግሞ በሦስት ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በጥር ወር ጠዋት ጠዋት እናቶችን በረንዳው ላይ ሰብስባ "እጠፉ፣ አስቀምጡ" ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትክክል ነበረች። ዘንድሮም ብላለች። እናቶቹም ሰምተዋል።

ከዝናቡ በኋላ ታንግን አስከትላ፣ እየተረጎመላት፣ ቤት ለቤት ዞረች። አጎበራችሁን አውጡ፣ ደጅ ብትተኙም አራት እንጨት ተክላችሁ ዘርጉ ብላ ለመነች። አንዲት አሮጊት በዱላዋ መሬቱን መታ መታ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ፤ የቆሙት ሁሉ ሳቁ።

"ምን አሉ?" አለች ሙሉብርሃን።

ታንግ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ባለፈው ወር እጠፊ አልሽ፣ ዛሬ ዘርጊ ትያለሽ፤ ወንዙ ነው ያበደው ወይስ ሲስተር? አሉ።"

"ሁለታችንም በላቸው።"

ከሦስት ቤት አንዱ ዘረጋ። ሌላው "ነገ" አለ። ታንግ ራሱ ነገ ካሉት አንዱ ነበር። እንጨት የሚቆርጠው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሙቀቱ ጠናና፣ በአጎበር ውስጥ ልጅቱ ትታፈናለች አለች እናትዮዋ፤ ነገሩ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ።

የሚቀጥለው ሰኞ ነጥቡ ስድሳ ሦስት ላይ ዋለ። ዘጠኝ ሰው ቢጨመር ቀዩን ያልፍ ነበር። ሙሉብርሃን እስክሪብቶዋን ይዛ ዘጠኝ የሚለውን ቁጥር እንደ ጠላት አየችው። በዚያው ቀን ከምሳ በፊት የመመርመሪያ ኪቱ አለቀ። ማይክሮስኮፕ አለ፣ ግን መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ በዝናቡ ሰሞን ከሄደ አልተመለሰም።

በዚያ ሳምንት ትኩሳት ይዞት የመጣ ልጅ ዘጠና አራት ነበር። በረንዳው አልበቃ ብሎ እናቶች ከማንጎው ሥር ተቀመጡ። ግን ቅጹ የሚጠይቀው "በምርመራ የተረጋገጠ" ስንት እንደሆነ ነው። ኪቱ እስኪያልቅ ድረስ በነበሩት ጥቂት ሰዓታት የተረጋገጠው አሥራ አንድ ብቻ። በተከታዩ ሰኞ ሙሉብርሃን አሥራ አንድ ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ፣ ቦታ በሌለው ቦታ፣ "ኪት የለም፤ የታመመው ዘጠና አራት ነው" ብላ በትናንሽ ፊደል አሰፈረች።

ማክሰኞ ኤልናታን ራሱ ደወለ። ድምፁ ሞቅ ብሏል።

"ሲስተር፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! ከስድሳ ሦስት ወደ አሥራ አንድ። እዚህ ስብሰባ ላይ ስማችሁ በምሳሌነት ተነሥቷል።"

ሙሉብርሃን ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

"ከሥሩ የጻፍኩትን አነበብከው?"

"ከሥር የተጻፈ ነገር ኮምፒዩተር ላይ አይገባም እኮ።"

"ኪት ስለሌለን ነው፣ ኤልናታን! ስላልመረመርን ነው! ዓይኔን ስለጨፈንኩ መሸ ማለት ነው?"

"አልኩዎት እኮ፣ እኔም እኮ… ኪት ለመላክ ቁጥሩ መጨመር አለበት።"

"ቁጥሩ እንዲጨምር ኪት መኖር አለበት!"

"እንግዲህ…"

ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ታንግ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዛሬ ግን አልቀለደም።

ረቡዕ የመጨረሻዋን ብልቃጥ፣ ማክሰኞ ከአሣ አጥማጆች ሰፈር ራሱን ስቶ ለመጣው ሕፃን ሦስተኛ መርፌ አድርጋ ሰጠች። ልጁ ተርፎ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ሄደ። ካቢኔቱን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ስትከት፣ ባዶ ነገር ለምን እንደቆለፈች ራሷን ጠየቀች።

ሐሙስ ጠዋት ከጠረጴዛው ሥር "ቀጣይ!" የሚል ድምፅ አልነበረም። ኛይየን ካርዶቹ ላይ ጋደም ብላለች።

"ትንሽ ሞቃለች" አለ ታንግ። "ሙቀት ነው፣ ሲስተር። ትናንት ፀሐይ ላይ ስትሮጥ ዋለች።"

ሙሉብርሃን እጇን በአንገቷ ሥር ሰደደችና መልሳ አነሣችው። "ይሄ ሙቀት አይደለም። አጎበር ውስጥ ነው የምትተኛው?"

ታንግ የጠረጴዛውን መዝገብ ማገላበጥ ያዘ። ቀና ብሎም አላያትም።

"ታንግ!"

"ሳጥን ውስጥ ነው" አለ በመጨረሻ። "አጥፈን አስቀምጠን። አንቺ አይደለሽ ያልሽው?"

ሊወቅሳት ፈልጎ አይደለም፤ እንደ ካርድ ቁጥር ነው የተናገረው። ሙሉብርሃንን ግን ከጥፊ ይልቅ አመማት። ሳትመረምር መድኃኒት መስጠት ክልክል ነው፤ ክልከላውን ረስታ አልነበረም። ለልጆች የሚሆነው እንክብል ስላለቀ የአዋቂውን ሰብራ፣ ፈጭታ፣ በስኳር ውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። ልጅቱ አስታወከችው። ግማሽ ሰዓት ጠብቃ ደገመችላት። አሁንም አስታወከችው። እስከ ማታ አንዱ እንኳ ከሆዷ ሳይረጋ ዋለ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ፣ ታንግ ልጁን ታቅፎ በበረንዳው ሮጠ። ዓይኖቿ ወደ ላይ ተገልብጠዋል፤ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሙሉብርሃን የሚያንቀጠቅጠውን የሚያቆም መርፌ ነበራት፤ አቆመችው። ለወረደው ስኳሯ ጉሉኮስ ነበራት፤ ሰጠቻት። ለወባው የሚሆን ግን ምንም አልነበራትም። ወደ ከተማ ደወለች። አምቡላንሱ ወደ ሌላ ወረዳ ወጥቷል አሏት። የጤና ጣቢያው ጀልባ በየዓመቱ በበጋ፣ ሰው አይታመምም በሚባልበት ወር፣ ለእድሳት ከተማ ትወጣለች፤ አሁንም ሞተሯ ተፈትቶ ሰው ግቢ ተቀምጣለች። ኤልናታንን ደወለችለት።

"አንድ ልጅ ናት?" አለ።

"አንድ ልጅ ናት።"

"ወደ ሆስፒታል ሪፈር አድርጓት፣ ሲስተር። እኔ ብልቃጥ ይዤ ለመውጣት እንኳ የትራንስፖርት ፈቃድ…"

ጨርሶ አልሰማችውም። ሱሩር ሞተር ሳይክሉን እያስነሣ ነበር። ሱቁን ለነዒማ፣ ለሚስቱ፣ ጥሎ ነው የመጣው።

"ወላሂ በአንድ ሰዓት ተኩል አደርሳታለሁ፣ እህቴ። ታንግ፣ ከኋላዬ ውጣ። ልጅቱን መሐላችን አድርጋት።"

"የመንገዱ ጥቁር መሬት ጭቃ ነው" አለች ሙሉብርሃን።

"ይሁና! በየካቲት ጭቃ አይተን እናውቅ ነበር? እንግዲህ እናያለን።"

የኛይየን እናት እርጥብ ነጠላ በልጇ ግንባር ላይ አድርጋ አጠበቀችላት። አልጮኸችም። ሞተሩ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሲያልፍ ለሕክምና የተቀመጡት እናቶች ሁሉ ብድግ አሉ።

ሦስት ሰው በአንድ ሞተር፤ ለአራተኛ ቦታ የለም። ሙሉብርሃን ቀረች። ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት አሥራ ስድስት ልጅ አየች። የአንዱንም ስም አላስታወሰችም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አስቀምጣ፣ ኔትወርኩ አንዴ ሁለት መስመር፣ አንዴ ባዶ ሲያሳይ ታያለች። የኛይየን እናት በረንዳው ላይ፣ እግሯን ዘርግታ፣ መንገዱን እያየች ተቀምጣለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደወለ። ሱሩር ነው። መጀመሪያ የሰማችው የውሃ ድምፅ ነበር።

"ሲስተር" አለ። "ጅረቱ ጋ ነን። ውሃው ሞልቶ ሰው እያሻገረን ነበር።" ውሃው ከድምፁ በላይ ጮኸ። "እየተመለስን ነው።"

ምንም አልጠየቀችውም። ቀና ስትል የኛይየን እናት በሩ ላይ ቆማ ፊቷን ታነብ ነበር።

ልጅቱን ቅዳሜ ቀበሯት። ሙሉብርሃን ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ዋለች። ማንም የወቀሳት የለም፤ አንዲት ሴት እንደውም ውሃ አቀበለቻት። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። ከመቃብሩ ሲመለሱ ኩሬው ዳር ልጆች ሲጫወቱ አየችና መንገድ መሐል ቆማ "ውጡ ከዚያ! ውጡ!" ብላ ጮኸች። ልጆቹ ደንግጠው ሸሹ። ትንኝ ቀን ኩሬ ዳር ቆሞ እንደማይናደፍ እያወቀች ነው የጮኸችው።

ሰኞ ጠዋት ስትገባ የካርድ ክፍሉ በር ተከፍቶ ነበር። ታንግ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"ምን ልትሠራ መጣህ? ሰው ለቅሶ ይቀመጣል እንጂ!"

"ካርዷ አልተዘጋም" አለ። ካርዱን ወደ እሷ ገፋው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ በጥሩ እጅ ጽሑፉ ተሞልቷል። "የሞት ምክንያት" የሚለው ላይ ባዶ ነው። "እዚህ ምን ይጻፋል?"

ሁለቱም ምን እንደሚጻፍ ያውቃሉ። ያልተመረመረ ሰው "ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልተረጋገጠ" ተብሎ ይዘጋል። መንገድ ላይ የሞተ ደግሞ ለጤና ጣቢያውም ለሆስፒታሉም አይቆጠርም። ኛይየን በማንም ወረቀት ላይ አልነበረችም ማለት ነው።

"እኔ ይሄን 'ያልተረጋገጠ' የሚለውን ለብዙ ሰው ልጅ ጽፌያለሁ" አለ ታንግ። "እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለኔ ልጅ ግን አልጽፍም፣ ሲስተር። እናቷ ማንበብ አትችልም፣ ግን አልጽፍም።"

ሙሉብርሃን ወንበር ስባ ተቀመጠች። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ የሐሰት ቁጥር ጽፋ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራ ነበር። ከከተማ የሚመጡት ሁሉ "የሷ ሪፖርት ይታመናል" ይሉ ነበር። ታምኖ ምን ፈየደ? ካርዱን ወሰደችና ጻፈች፦ ወባ፣ በኪት የተረጋገጠ። የሞት ቦታ፦ ጤና ጣቢያ። ከዚያ ሳምንታዊውን ቅጽ አወጣች። በምርመራ የተረጋገጠ የሚለው ዓምድ ውስጥ አንድ፤ ሞት የሚለው ውስጥ አንድ።

አንድ የወባ ሞት ሲመዘገብ፣ መስመሩ የትም ይሁን የት፣ አጣሪ ቡድን በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ይህ ደንብ ነው። ደንቡን ለዓመታት ታውቀው ነበር፤ እስከዚያ ሰኞ ግን መድኃኒት እንዲመጣ ልጅ መሞት አለበት ማለት እንደሆነ አስባው አታውቅም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ጎማው እስከ ወገቡ ጭቃ የነካው መኪና ግቢው ውስጥ ቆመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ኤልናታን ወረደ። በአካል አይታው አታውቅም፤ ከድምፁ ይልቅ ልጅ ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፋይል በብብቱ ይዟል። ሁለት ካርቶን መኪናው ውስጥ ይታያል።

"ሲስተር፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለ። "በሁለተኛ ደረጃ…"

"ሁለተኛውን ተወውና ካርቶኑን አውርድ።"

"ኪቱና ብልቃጡ ለማጣራት ሥራ ብቻ ነው የወጣው። መጀመሪያ ቃለ ጉባኤ መያዝ አለብን።" ፋይሉን ገልጦ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም። "ኪት በሌለበት ሳምንት በኪት የተረጋገጠ ሞት ተመዝግቧል። በምን አረጋገጣችሁ?"

"በመቃብር" አለ ታንግ።

ኤልናታን ዞር ብሎ አየው። ይህ ረጅም ሰው ማን እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ አሁን ግን ገባው፣ ጆሮው ድረስ ቀላ።

"እኔ… ይቅርታ። እኔ ትእዛዝ ነው የያዝኩት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሲስተር፣ የሐሰት ሪፖርት ማስጠንቀቂያ ያስጽፋል። ላዝንልዎ እችላለሁ፣ ግን አላስቀረውም። እርስዎን የሚያህል ሰው…"

"ይጻፍ! በሁለት ቅጂ ይጻፍ! ስድሳ ሦስት እውነተኛ ልጅ ስልክልህ አልመጣህም። ዘጠና አራት ስጽፍልህ ፊደሌ ትንሽ ነው ብለህ አላነበብከውም። አንዲት ሐሰት ስጽፍ ግን በጭቃ ውስጥ መጣህ! አሁን ማንኛችን ነን ማስጠንቀቂያ የሚገባን?"

ይመልስላት ነበር፤ አፉን ከፍቶም ነበር። ግን አንዲት ሴት ከማንጎው ሥር እየሮጠች፣ ልጇን በሁለት እጇ ወደፊት ዘርግታ፣ መሐላቸው ገባች። ሁለት ዓመት የማይሞላው ወንድ ልጅ ነው፤ አንገቱ ወደ ኋላ ወድቋል።

"ካርቶን!" አለች ሙሉብርሃን። ታንግ ከማንም ፈቃድ ሳይጠብቅ መኪናውን ከፍቶ ካርቶኑን አወረደ፣ በጥርሱ ፕላስተሩን ቀደደው። ሙሉብርሃን ልጁን አልጋው ላይ አስተኛችው፣ ብልቃጡን ከፈተች፣ ዱቄቱን በፈሳሹ አሟሟችው። ልጁ ነቅቶ መፍጨርጨር ጀመረ። እናትየዋ ብቻዋን መያዝ አቃታት።

"አንተ! እግሩን ያዝ!"

ኤልናታን ፋይሉን የት እንደሚያኖር ፈለገ፤ ቦታ ስላጣ መሬት ላይ ጣለው። ተንበርክኮ ሁለቱን ቀጫጭን እግሮች ያዘ።

"ጠንከር አድርገህ። አይሰበርም።"

"ይፋጃል" አለ ኤልናታን። የተገረመ ሰው ድምፅ ነበር። "ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ይፋጃል እኮ።"

"ትኩሳት ነዋ። ምን መስሎህ ነበር?"

መርፌው ገባ። ልጁ በሙሉ ኃይሉ አለቀሰ፤ ሙሉብርሃን ያን ለቅሶ ስትሰማ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን እስከ ሆዷ ሳበች። ኤልናታን እግሮቹን ሊለቅ ረስቷል። ሸሚዙ ላይ ሽንትና ጭቃ አለ።

"አሥራ ሁለት ብልቃጥ ነው ያመጣሁት" አለ። "ለአንድ ልጅ ስንት ይፈልጋል?"

"ቢያንስ ሦስት።"

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አካፈለ። አራት ልጅ።

"እንዲህ ያሉ ስንት ናቸው?" አለ።

ሙሉብርሃን የሁለተኛውን መርፌ ሰዓት ልጁ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፈች ነበር። ቀና አላለችም።

"ውጣና ቁጠራቸው።"

ወጣ። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ከእናት ወደ እናት እያሻገረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። ሃያ ሰባት ላይ ሲደርስ ጥላው ዞረና እናቶቹ ተነሥተው ቦታ ቀየሩ። ቆም አለ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ፈለገ፣ ከየት እንደደረሰ ጠፋበት። ታንግ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ያየው ነበር።

"ከአንድ ጀምር" አለው።